ቫይረስ ያልበላው ፋይል

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙ።

በቅርቡ ካቺሲ አንድ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተራ ስጠብቅ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ፍላሽ ይዘው ገቡ። በ1990 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያስተየቡት የዕድራቸው መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ ከዲስኬት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ እያዘዋወሩ ያቆዩት። ልጅቷ ስትከፍተው ነጥብና ቆብ የደፉ የላቲን ፊደላት ስክሪኑን ሞሉት። «ጋሼ፣ ቫይረስ በልቶታል» አለቻቸው።

ቫይረስ አልነበረም። ፋይሉ ምንም አልጎደለበትም። የጎደለው ደንቡ የተተየበበት ፎንት ነው።

ነገሩ ታሪክ አለው። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለኮምፒዩተሩ የራሱ ትእዛዞች የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። እነ «ሏ»ንና «ቋ»ን፣ ቁጥሮቻችንንና ሥርዓተ ነጥቡን ስትጨምሩበት አይበቃም። እነ ፈሰሃ አጥላው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ግዕዝን ኮምፒዩተር ላይ ለማስቀመጥ ሲታገሉ የሚከተሉት ዓለም አቀፍ ደረጃ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም በየራሱ መላ ሄደ። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው የፊደሉን አካልና ቅጥያ ለያይቶ ገጣጠመው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና አጋፋሪ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አቀማመጥ ነበራቸው። በአንዱ «ለ» የተቀመጠበት ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነው።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በሲ ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች ጽሑፍ ሲገለበጥ ከተመደበለት ቦታ እንዳያልፍ የሚጠብቅ «ስትር-ኤል-ኮፒ» የተባለ ፋንክሽን ሠሩ። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ደረጃው ውስጥ ግን አልነበረም። አብዛኛው ሊኑክስ የሚጠቀምበት ጂሊብሲ እስከ 2023 አልተቀበለውም። በእነዚያ 25 ዓመታት ፋንክሽኑን የተጠቀመ ፕሮግራም ወደ ሊኑክስ ሲሻገር ወይ አልገነባ ይላል፣ ወይ የራሱን ቅጂ ተሸክሞ ይዞራል። መሣሪያው መልካም ሆኖ ሳለ ስምምነት ስላልነበረ ብቻ ስንቅህን ይዘህ ተጓዝ ሆነ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ግዕዝን በተራ የላቲን ፊደላት መወከያ የሚሆን «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አቀረቡ (ስሙ በአማርኛ ሲነበብ ሌላ ነገር ቢያሳስብም)። ከአንዱ አቀማመጥ ወደ ሌላው የሚመልስ ሊብኤት የተሰኘ የሲ ላይብረሪም ተሠራ። በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ግዕዝ 345 ምልክቶቹን ይዞ ቋሚ መቀመጫ አገኘ።

ደረጃው ወጣ እንጂ ጠረጴዛችን ድረስ ለመምጣት ጊዜ ወሰደ። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ማተሚያ ቤቶች የለመዱት ፔጅሜከር ደግሞ ዩኒኮድን ስለማያውቅ አሮጌዎቹ ፎንቶች ከዚያም በኋላ መጽሐፍና ጋዜጣ ሲያወጡ ኖሩ።

እዚያው ካቺሲ ያየሁት ንጽጽር ይበልጥ አስተማረኝ። በቁቤ የተጻፈ የዚያው ዘመን ፋይል ዛሬም ችግር የለበትም። ፊደል ከፊደል በልጦ አይደለም፤ የላቲን ፊደላት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሁሉም የተስማማበት ቁጥር ስላላቸው ነው።

የቀደሙትን ፎንት ሠሪዎች አልወቅስም። ደረጃ በሌለበት ዘመን መንገድ ጠርገዋል፤ እነሱ ባይኖሩ ደንቡ ያኔም በእጅ ይጻፍ ነበር። የምወቅሰው ዩኒኮድ ከመጣ በኋላ አሮጌውን ይዘን የቀጠልነውን፣ ፋይሎቻችንንም ሳንለውጥ የተኛነውን ነው። የአቀማመጥ ሰንጠረዦቹን በእጃቸው የያዙ ሰዎችም በነፃ ይልቀቋቸው። ዛሬ ገበያ የላቸውም፤ ለፋይሎቹ ግን ብቸኛ ቁልፍ ናቸው።

መምህሩ በመጨረሻ የደበዘዘ የወረቀት ቅጂ ከቤት አምጥተው ልጅቷ እንደ አዲስ ተየበችው። ሁለት ገጽ ጠፍቷል። የጠፋው ገጽ የመሥራቾቹ ስም ዝርዝር ነው። ስማቸው ፍላሹ ውስጥ አለ፤ የሚያነበው ግን አልተገኘም።

ቤታችሁ አሮጌ ዲስኬትና ሲዲ ካለ፣ ፎንቱን የሚያውቅ ሰው ሳለ ዛሬውኑ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት።