ከምጣድ ማሰሻ እስከ ጄት ነዳጅ፦ የባሌ ደጋና የዘይት ሰብሎች

ከሮቤ ወደ ጎባ ሲወጣ ግራ ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው። እንደ ጎመን ዘርና ተልባ ያሉ የደጋ ቅባት እህሎች በዚህ ሜዳ ቦታቸው ጠባብ ነው። ለባለ ምጣድ ጎመን ዘር ማሰሻ ነው፤ ካናዳ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ከዚሁ ተክል ዘይት የተሠራ ነዳጅ፣ ከሌላ ሳይቀላቀል፣ ጄት አብርሯል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሠርቶ ታይቷል። ርካሽ ናፍጣ ሲመጣ ነገሩ ተረሳ። የነዳጅ ዋጋ ሰማይ በነካበት እ.ኤ.አ. በ2007 ኢትዮጵያም የባዮፊውል ስትራቴጂ አወጣች። የባለሀብቱ ዓይን ያረፈው ቆላው ላይ፣ በጃትሮፋና በጉሎ ነበር። የጉሎ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ጃትሮፋም ጠፍ መሬት ይበቃዋል ተብሎ ተወደሰ። ዝናብ ባጠረው መሬት ግን ፍሬው ጥቂት ሆነ፤ ብዙው እርሻም መንገድ ላይ ቀረ።

የአትክልት ዘይቶች ጉልበት በኪሎ ሲመዘን ተቀራራቢ ነው፤ ከናፍጣም በጥቂቱ ያንሳል። የሚለያቸው ሄክታሩ የሚሰጠው ነው። ዘንባባ በዓመት በአማካይ 35 ኩንታል ገደማ ዘይት ይሰጣል፤ የባሌን ብርድ ግን አይችልም። 15 ኩንታል ጎመን ዘር ተገኘ፣ 40 በመቶውም ዘይት ነው ብንል፣ 6 ኩንታል ወይም 650 ሊትር ገደማ ይሆናል። የማሽኑ ነዳጅ፣ ማዳበሪያውና ፋጉሎ ውስጥ የሚቀረው ዘይት ከዚህ ይቀነሳል።

ጎመን ዘር ለደጋው እንግዳ አይደለም፤ «የሎ ዶዶላ» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ቀድሞ በባሌ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ዶዶላ ነው። ዘይቱ ኢሩሲክ አሲድ ስለሚበዛበት ለገበታ ብዙም አይመረጥም፤ ለሞተር ግን ይህ እንከን አይደለም።

ስንዴን አፈናቅሎ ነዳጅ መዝራት፣ የምግብ ዘይቷን በአብዛኛው ከውጭ ለምታስገባ አገር፣ ኪሳራ ነው። ባሌ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጋናና በቦና፣ ይዘራል። ስንዴ በስንዴ ላይ ሲደጋገም ዋግና አረም ይበረታሉ። በአንዱ ወቅት ጎመን ዘር ጣልቃ ቢገባ መሬቱ ከስንዴ ያርፋል። ያኔ 650ው ሊትር የእርሻው ዓላማ ሳይሆን ምርቃቱ ይሆናል፤ ለምጣዱም የሚተርፍ አይጠፋም።