በሕንድ አገር ስለ ወጣው «የሃይማኖት ነፃነት» ሕግ

በሕንድ በማላባር ጠረፍ የሚኖሩ ክርስቲያኖች፥ ወንጌልን ያመጣላቸው ሐዋርያው ቅዱስ ቶማስ እንደ ሆነ ከአባቶቻቸው ሲያያዝ የመጣ ትውፊት አላቸው። ከእነርሱም ወገን የሆነችው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1965 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በአዲስ አበባው ጉባኤ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋራ የተቀመጠች እኅት ናት። ስለዚህ የሕንድ ክርስቲያኖች ነገር ለዚህ አገር ምእመናን የባዕድ ወሬ አይደለም።

የሕንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ማንኛውም ሰው ሃይማኖቱን ይገልጥ፥ ይፈጽምና ይሰብክ ዘንድ ይፈቅዳል። «ይሰብክ» የምትለው ቃል እንዳትገባ በ1948 አጥብቀው የተከራከሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ገባች።

ከዚህ በኋላ ኦሪሳ በ1967፥ ማድያ ፕራዴሽም በ1968 «የሃይማኖት ነፃነት» የተባለ ሕግ አወጡ። ሕጉ በኃይል፥ በማታለል ወይም በጥቅም በማባበል ሰውን ከሃይማኖቱ ማስለወጥን ይከለክል ነበር፤ ቅጣቱም እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 5,000 ሩፒ መቀጫ ሲሆን፥ የተለወጠው ሕፃን፥ ሴት ወይም ከተናቁት ወገኖች የሆነ እንደ ሆነ እጥፍ ይሆን ነበር። ነፍስን በገንዘብ መግዛት ነውር እንደ ሆነ የሲሞን መሠርይን ታሪክ የሚያነብ ክርስቲያን አይክድም። ሕጉ ግን «ኃይል» የሚለውን ቃል ሲተረጕም በመለኮት ቍጣ ማስፈራራትን ጭምር አገባበት። እንግዴህ ካህኑ የዕለተ ደይንን ምንባብ ቢተረጕምና ሰሚው ደንግጦ ቢጠመቅ፥ ካህኑ በኃይል አስለወጠ ተብሎ ሊከሰስ ነው። ነገሩ ቅኔ ቢሆን ኖሮ፥ ሰሙ ነፃነት ወርቁ ክልከላ ነው በተባለ ነበር።

የኦሪሳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአገሩን ሕግ ሻረው፤ የማድያ ፕራዴሹ ግን የራሱን አጸናው። በማድያ ፕራዴሽ የሚያጠምቅ ካህን ለአውራጃው ሹም ማስታወቅ ግዴታው ነበር፤ እስታኒስላውስ የተባለ ካህንም ሙግቱን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰ። በ1977 ዳኞቹ፥ መስበክ ማለት የሃይማኖትን ትምህርት ገልጦ ማስረዳት ነው እንጂ ሌላውን ሰው የመለወጥ መብት አይደለም ብለው ሁለቱንም ሕጎች አጸኑ። ቃሊቱ በሕገ መንግሥቱ ተጽፋ ቀረች፤ ፍሬዋን ግን በትርጓሜ ወሰዱባት።

ሂማቻል ፕራዴሽ በ2006 ባወጣው ሕግ፥ ሃይማኖቱን የሚለውጥ ሰው ራሱ ከ30 ቀን በፊት ለሹም እንዲያስታውቅ አዘዘ፤ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ የሚመለሰውን ግን ከዚህ ነፃ አደረገው። በ2012 የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፥ ሰው እምነቱን በልቡ ሰውሮ የመያዝ መብት አለው ብሎ ይህን ትእዛዝ ሻረ። በ2019 በወጣው አዲስ ሕግ ትእዛዙ ዳግመኛ ተጻፈ።