ስለ ብረት መጣበቅና ስለ ጠመንጃ አፈሙዝ ብየዳ ታሪክ

ነቢዩ ኢሳይያስ በ41ኛው ምዕራፍ ጣዖት ሠሪዎችን ሲዘልፍ፣ አንዱ ባለ እጅ የሌላውን መጣበቂያ አይቶ ሥራውን እንደሚያመሰግንለት ይናገራል። እኛ ይህን ምዕራፍ ስናነብና ስንተረጕም ዘወትር የምናተኩረው በጣዖቱ ከንቱነት ላይ ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ቃሉ ስለ ጥበቡም ምስክር ነው፤ ማዕድንን ከማዕድን ማጣበቅ በዚያ ዘመን የታወቀ ሥራ ነበረና።

ብየዳ ከማቅለጥ ይለያል። መድፍ የሚሠራ ሰው ናሱን ሁሉ አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ ያፈስሰዋል። የሚበይድ ሰው ግን ሁለቱን ብረቶች አያቀልጣቸውም፤ ከእነርሱ ይልቅ ፈጥኖ የሚቀልጥ ሦስተኛ ማዕድን በመካከላቸው ያገባል፤ እርሱም እንደ አስታራቂ ሽማግሌ በጠባቡ ክፍተት ሰርጎ ገብቶ ሁለቱን ይይዛቸዋል። ክፍተቱ ከሰፋ፣ ወይም ብረቱ ዝገትና ቅባት ካለበት አይይዝም። ስለዚህ ባለ እጁ አስቀድሞ በሞረድ ይፍቀዋል፤ ቀጥሎም ቦራክስ የሚባለውን ነጭ ጨው ወይም የጥድ ሙጫ ይነሰንስበታል፤ ይህም በእሳቱ ጊዜ አዲስ ዝገት እንዳይፈጠር ይከለክላል። ከእርሳስና ከቆርቆሮ የተቀላቀለው መበየጃ ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፤ ብር ያለበት ከ600 እስከ 800፣ ናስ ደግሞ 900 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ብረት ራሱ የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ነው።

ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ዓመት፣ 2 እጅ እርሳስና 1 እጅ ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የውኃ ቧንቧ ይበየድበት እንደ ነበረ ጽፎአል። በ12ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ቴዎፍሎስ የተባለ የአውሮፓ መነኵሴ ስለ እጅ ሥራ በጻፈው መጽሐፍ፣ የብር ዕቃ የሚጣበቅበትን መበየጃ ከ2 እጅ ብርና ከ1 እጅ መዳብ እንዲሠሩት ያስተምራል። መነኵሴ ወናፍ ሲነፋ ማየት ነውር ለሚመስለው ሰው ይህ መጽሐፍ በቂ መልስ ነው። በዚሁ አጋጣሚ ለካህናት አንድ ነገር ላሳስብ፦ ጽዋው ወይም ዕርፈ መስቀሉ ቢሰነጠቅ በእርሳስ አይበየድ። እርሳስ መርዝ ነው፤ ወይንም ያሟሟዋል። በብር መበየጃ ይሠራ፤ ወጪው ቢበዛም።

ወደ ጠመንጃው እንመለስ። የጥንቱ አፈሙዝ የብረት ዝርግ በዘንግ ላይ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ ከጠርዙ ጋራ በእሳትና በመዶሻ እየተመታ የተጋጠመ ቧንቧ ነበረ። በአውሮፓውያን 19ኛው መቶ ዓመት በሊዬዥና በበርሚንግሃም ብረትና አረብ ብረት በአንድነት ተገምደው ይጠቀለሉ ነበር፤ በላዩም እንደ ውኃ ሞገድ ያለ መልክ ይታያል። ይህን «ደማስቆ» ይሉታል፤ ይሁን እንጂ ጠመንጃው የተሠራው በደማስቆ ከተማ አይደለም፤ ስሙን ያገኘው በሰይፍዋ ከታወቀችው ከዚህች ጎረቤታችን ነው። መጋጠሚያው የታመነ መኾኑን ለማወቅ ከተለመደው የበዛ ባሩድ አጕርሰው ይተኵሱበታል። ለዚህ ምርመራ የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከንጉሡ ደብዳቤ ተቀበለ፤ የበርሚንግሃም መመርመሪያ ቤት በ1813 ቆመ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የሁለት አፍ ጠመንጃ ነው። ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን ሆነው፣ በመካከላቸው ከላይና ከታች ቀጭን የብረት ዝርግ ገብቶ መጣበቅ አለባቸው። በናስ ቢበየዱ መጋጠሚያው ጽኑ ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ እሳት የአረብ ብረቱን ብርታት ያላላዋል፣ ቧንቧውንም ሊያጣምመው ይችላል። በእርሳስና በቆርቆሮ ቢበየዱ ብረቱ አይጎዳም፤ መጋጠሚያው ግን ደካማ ነው። ጠቢባኑ ሁለቱንም አስማሙ፤ ጥይት በሚጎርስበት በኋላ በኩል፣ ብረቱ ወፍራም በሆነበት፣ በናስ በየዱት፤ በቀረው ርዝመት ሁሉ ግን በሽቦ ጠፍረው፣ በሽብልቅ አጥብቀው በእርሳስና በቆርቆሮ አጣበቁት። ማጥሪያው አሲድ ከሆነና በደንብ ካልታጠበ ከዝርጉ ሥር ተደብቆ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው አሮጌ ጠመንጃ ሲገዛ አፈሙዙን ከእንጨቱ ይለይና አንጠልጥሎ በጣቱ ያንኳኳዋል። ደህና ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ብየዳው ከለቀቀ እንደ ተሰነጠቀ ገል ያጕረመርማል።

በአገራችን ይህን ሥራ የያዘው ባለ እጁ ነበረ። በትንሽ ወናፍና በከሰል የተሰበረ ጠመንጃ ይጠግን ነበር፤ ማረሻውን፣ ጽናጽሉንና የመስቀሉን ጫፍም የሚያድሰው እርሱ ነው። እኛ ግን መስቀሉን ከእጁ ተቀብለን እየተሳለምን፣ እርሱን ጠይብና ቡዳ ብለን አራቅነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ። በጎንደር አውራጃ ከዚህ ነቀፋ ብዙውን የተሸከሙት ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ዛሬ ልጆቻቸውን በዚህ በእስራኤል አገር እናገኛቸዋለን።

ከአፄ ምኒልክ በፊት አፄ ቴዎድሮስ የእጅን ሥራ ክብር ተረድተው ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩአቸው አውሮፓውያን አብዛኞቹ በኢየሩሳሌም የእንግሊዝ ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት የላካቸው ሰባክያን ነበሩ። ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው መድፍ እንዲያፈስሱ ታዘዙ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የሚባለው ትልቁ መድፍ ከጋፋት እስከ መቅደላ በሰው ኃይል ተጎተተ። በስቅለት ዕለት በአሮጌ ጦርነት ሆነ፤ በማዕዶት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ በመቅደላ በገዛ እጃቸው ሞቱ። መድፉ እስከ ዛሬ በዚያ አለ።

የጋፋት ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወጥተው ተበተኑ። መድፍ አፍሳሹ ሞሪትዝ ሆል በኢዮጴ ተቀመጠ፤ ቴዎዶር ዋልድማየርም በሊባኖስ ተራራ በብሩማና በ1873 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ትምህርት ቤት አቆመ።