የዳዊት ማማ

ዛሬ ስለ አንድ ማማ እናወጋለን። ቦታው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኤዲንብራ ከተማ ነው። ስኮትላንድ ከእንግሊዝ በስተሰሜን ያለች አገር ናት። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኤዲንብራ መሐል አንድ ትልቅ ዓለት አለ። በዓለቱ ራስ ላይ የነገሥታት ግንብ ቆሟል። የስኮትላንድ ንጉሥ ዳዊት ሁለተኛ በጦርነት ተማርኮ እንግሊዝ አገር 11 ዓመት ታሰረ። በ1357 ተፈታ። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በዚህ ግንብ ውስጥ አንድ ማማ ማሠራት ጀመረ። መኖሪያም መከላከያም እንዲሆነው ነው። ታዲያ ሳያልቅለት በ1371 ሞተ። ሥራውን የጨረሰው ተከታዩ ንጉሥ ሮበርት ሁለተኛ ነው።

የማማው ቁመት 30 ሜትር ያህል ነበር። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። በጎኑ አንድ ክንፍ ወጥቶለታል። በሩ ማማውና ክንፉ በሚገናኙበት ጥግ ነበር። ለምን ይመስላችኋል? ወደ በሩ የመጣ ጠላት ከሁለት ወገን ይመታላ!

ቀስትና መሰላል ለያዘ ጠላት ይህ ብልሃት በቂ ነበር። በኋላ ግን መድፍ መጣ። ለመድፍ ደግሞ ረጅም ማማ ጥሩ ዒላማ ነው።

በ1567 ንግሥት ሜሪ ከዙፋን ወረደች። ገና ዓመት የሆነው ልጇ ነገሠ። ዊልያም ከርኮዲ የተባለ ሰው ግን ግንቡን በንግሥቲቱ ስም ያዘ፤ አልለቅም አለ። እንደራሴው ሞርተን ከእንግሊዝ መድፍ አስመጣ። በ1573፣ በሜይ ወር፣ መድፎቹ ግንቡን ቀን በቀን ደበደቡት። ማማው ተናደ። ፍርስራሹ የት የወደቀ ይመስላችኋል? የውሃ ጉድጓዱ ላይ! ሰው እህል ሳይቀምስ ሰንበት ሊል ይችላል፤ ያለ ውሃ ግን ስንት ቀን ይቆያል? ግንቡ በዚያው ወር እጁን ሰጠ። እኔ እንደሚመስለኝ ከመድፉ ይልቅ ያሸነፈው ውሃ ጥሙ ነው። ከርኮዲ በኦገስት ወር ተሰቀለ።

ሞርተን ማማውን መልሶ አልሠራም። ብልህ ሰው ነው። ጉቶውን መሠረት አድርጎ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ የመድፍ ምሽግ ማሠራት ጀመረ። በ1588 አለቀ። የማማው የታች ክፍሎች ከምሽጉ ሥር ተቀብረው ቀሩ። ከ300 ዓመት በላይ ተረሱ። የተገኙት በ1912 ነው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የጀርመን ጦር ይመጣል ተብሎ ተፈራ። የስኮትላንድ ነገሥታት ዘውድ፣ በትረ መንግሥትና ሰይፍ በእነዚያ ክፍሎች ተደበቁ። ዘውዱ የተቀበረው የት መሰላችሁ? በድሮው ሽንት ቤት! እዚያ ማን ይፈልገዋል? ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ወጣ። ዛሬ በዚያው ግንብ በሌላ ክፍል ተቀምጧል። ጎብኚዎች እሱን ያያሉ፤ ወደ ማማው ክፍሎችም ይወርዳሉ።