«ኮኛክ» ወይስ «የወይን አረቄ»? የአንድ ስያሜ ታሪክ

ከወይን ጠጅ ተነጥሮ የሚወጣው ብርቱ መጠጥ በአማርኛ ጽሑፎች በብዛት «ኮኛክ» እየተባለ ይጠራል። ተርጓሚዎችም ከየትኛውም አገር የመጣውን የዚህ ዓይነት መጠጥ በዚሁ ቃል ሲሰይሙት እንመለከታለን። ይሁን እንጂ ቃሉ የመጠጥ ስም ከመሆኑ በፊት የቦታ ስም ነው። ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ የአርመን ታሪክ በሚገባ ስለሚያስረዳ ምርመራችንን ከዚያ እንጀምራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአርመን ምድር የወይን ጠጅ ሥራ እጅግ ጥንታዊ ነው። ከ2007 ጀምሮ በአሬኒ ዋሻ በተካሄደው ቁፋሮ 6 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቈጠረ የወይን መጥመቂያ ተገኝቷል። የአርመንኛው «ጊኒ» (ወይን ጠጅ) ከላቲኑ «ዊኑም» ጋር ይዛመዳል፤ በአርመንኛ የጥንቱ «ወ» በቃል መነሻ ላይ ወደ «ግ» ተለውጧልና። የግእዙ «ወይን»ም ከእነዚሁ ጋር የሚቈጠር፥ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የተጓዘ ጥንታዊ ቃል ነው።

በ1887 ኔርሴስ ታይርያን የተባለ ነጋዴ በየረቫን ከተማ የወይን ጠጅን የሚያነጥር ፋብሪካ አቋቋመ። ፋብሪካው በኋላ በሩሲያዊው በሹስቶቭ ድርጅት እጅ ገባ፤ በሶቪየት ዘመን የመንግሥት ሆነ፤ በ1998 ደግሞ ለአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ተሸጠ። ባለቤቱ ይለዋወጥ እንጂ አርመኖች መጠጡን «ኮንያክ» ማለትን አልተዉም። ፈረንሳይ ግን በሻራንት ወንዝ ዳር የምትገኘውን የኮኛክን ከተማ አካባቢ በ1909 ከልላ፥ በ1936 ስሙን በሕግ አጽንታለች። ከዚህም የተነሣ አርመን ከአውሮፓ ኅብረት ጋር በ2017 በተፈራረመችውና በ2021 በጸናው ስምምነት ስሙን ቀስ በቀስ ለመተው ግዴታ ገባች። ከመቶ ዓመት በላይ የተሠራበት ቃል እንዲህ በውል ተነሣ።

ይህ ክርክር ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞች ባዕድ አይደለም። በዚያ አገር ማር ጠጅ ብቻ ሳይሆን፥ በተለይ በሙስሊሙ ቤት፥ ብርዝ ሆኖ ይጠጣል፤ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ነገር የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን «ጅማ» እና «ሊሙ» በዓለም ገበያ የቡና መጠሪያዎች ናቸው። ኢትዮጵያ በ2005 ሐረር፥ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት ባመለከተች ጊዜ ብርቱ ሙግት ተነሥቶ፥ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር በስምምነት ተፈጽሟል። የንግድ ምልክት ሕግና የመልክዐ ምድር ስያሜ ሕግ የተለያዩ መሆናቸው እሙን ነው፤ የነገሩ ሥር ግን አንድ ነው። የሊሙን ስም በሌላ አገር ቡና ላይ ማየት የማንወድ ከሆነ፥ እኛም የሌላውን ቦታ ስም ለማንኛውም መጠጥ ልናውለው አይገባም።

ለዚህም አማርኛ የራሱ ሀብት አለው። ጠጅ ይጣላል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ አረቄ ይወጣል። ሦስቱ ግሦች የአሠራሩን ልዩነት ለይተው ያመለክታሉ። አባቶቻችን የወይኑን መጠጥ ከማሩ ጠጅ ጋር አነጻጽረው «ወይን ጠጅ» ብለውታል። «አረቄ» ደግሞ ከዐረብኛው «ዐረቅ» (ላብ) የመጣ ነው፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ እንደ ላብ መንጠብጠቡን ያሳያል። «አረቄ የእህል መጠጥ ስም ስለሆነ ለወይኑ ያንሰዋል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የቃሉ ምንጭ ግን የሚናገረው ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ እህሉ ወይም ስለ ዋጋው አይደለም። የኮኛክ ከተማ መጠጥ ሁለት ጊዜ እንደሚነጠር ሁሉ የእኛም ሴቶች ደግመው የሚያወጡት «ዳግም አረቄ» አለ።

ስለሆነም የሚከተለውን እናቀርባለን።

1. ከወይን ጠጅ ተነጥሮ ለሚወጣ መጠጥ ሁሉ የወል ስሙ «የወይን አረቄ» ይሁን፤ በንግድ የተለመደው «ብራንዲ» ተመሳሳይ ፍቺ ሆኖ ይመዝገብ።

2. «ኮኛክ» በተከለለው የፈረንሳይ አካባቢ ለሚሠራው ብቻ ይዋል።

3. በቀድሞ የአርመን ጽሑፎች «ኮንያክ» የሚለው ቃል ሲገኝ፥ ተርጓሚው የዘመኑን ስም በትእምርተ ጥቅስ ጠብቆ «የአርመን የወይን አረቄ» የሚል ፍቺ ያክልበት።