ወንፈል በኮምፒዩተር መረብ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ያባቶቻችን አነጋገር ስለ ኅብረት ኃይል ሲነገር የኖረ ነው። ነገር ግን ድሩን አስተባብሮ የሚያቆየው ምን እንደ ሆነ አነጋገሩ አይገልጽም። እኛም ይህን ነገር አቻ ለአቻ ከተባለው የኮምፒዩተር መረብ ታሪክ ልንመረምረው አሰብን። ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በተለመደው አሠራር አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር በመካከል ሆኖ ይሰጣል፤ የቀሩት ሁሉ ይቀበላሉ። ፈላጊው በበዛ ቁጥር ሰጪው ይጨናነቃል፥ ወጪውም ይከብዳል። በአቻ ለአቻ መረብ ግን እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ሰጪም ተቀባይም ነው።

በ1999 ዓ.ም. ሾን ፋኒንግ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ናፕስተርን አወጣ፤ ሕዝቡም ሙዚቃን እርስ በርሱ ይለዋወጥ ጀመር። ዘፈኑ በየሰው ቤት ሲሆን፥ ማን ምን እንዳለው የሚያመለክተው መዝገብ ግን በኩባንያው እጅ ነበረ። አሳታሚዎቹም መብታችን ተነካ ብለው ከሰሱ። የደራሲ ድካም ያለ ፈቃዱ መበተኑ በደል ስለ ነበረ፥ ክሱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ትእዛዝ ምክንያት አገልግሎቱ ተዘጋ፤ መረቡ ባንድ ቋጠሮ የታሰረ ነበረና ቋጠሮው ሲፈታ ሁሉም ተበተነ።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ኑቴላ የመካከሉን መዝገብ አስቀረ። ሆኖም ከጌታ ነጻ ቢወጣ ከስስት ነጻ አልወጣም። በዚያው ዓመት ኤይታን አዳርና በርናርዶ ሁበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች ቢያጠኑት፥ ከተጠቃሚዎቹ 70 በመቶ ያህሉ ለሌላው ምንም የማያካፍሉ ሆነው ተገኙ። ተቀባዩ እጅግ ብዙ፥ ሸክሙን የተሸከመው ግን ጥቂት ነበረ።

ብራም ኮኸን በ2001 ዓ.ም. ቢትቶረንትን ሲያወጣ ለዚህ ደዌ መድኃኒት አበጀለት። ፋይሉ በትንንሽ ቁራጭ ይከፈላል፤ አንዱን ቁራጭ ያገኘ ሰው የቀረውን እየተቀበለ፥ ያገኘውን ለሌላው ያቀብላል። የሚሰጥ ፈጥኖ ይቀበላል፤ የሚነፍግ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ፈላጊ ሲበዛ ሰጪም አብሮ ይበዛል። ሊኑክስን የመሰሉ ነጻ ሶፍትዌሮች በዚህ መንገድ ይሠራጫሉ፤ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ቤተ መዛግብትም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ መጻሕፍትንና ድምፆችን በዚሁ መንገድ ሲያቀርብ ቆይቷል።

ይህ ሕግ ለገበሬያችን እንግዳ አይደለም። በወንፈል ዛሬ ለጎረቤቱ ያረሰ ነገ ይታረስለታል፤ ተራውን ያጎደለ ግን አዝመራው ሲደርስ ብቻውን ይቆማል። ወንፈልን ያቆመው የአለቃ ቁጣ ሳይሆን፥ ውለታን በውለታ የመመለስ ሥርዓት ነው።

እንግዲህ ደራሲው የፈቀደው መጽሐፍ አንዴ ከአንድ ትምህርት ቤት ከደረሰ፥ ያ ትምህርት ቤት ለጎረቤቱ እያቀበለ ብዙ ወጪ ሊድን ይችላል። ነገር ግን መሣሪያው ብቻ አይበቃም። እያንዳንዳችን ከመቀበል አስቀድመን ምን ይዘን እንደምንመጣ ልንጠይቅ ይገባል፤ ሁሉም እጁን ለመቀበል ብቻ ከዘረጋ አንበሳው ሳይታሰር ይቀራልና።