በዌብ አፕሊኬሽን ማን ቀደመ?

የዌብ አጀማመር ብዙ የተባለለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ቲም በርነርስ ሊ በአውሮፓው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን ሐሳቡን አቀረበ፤ በ1993 ሰርን ቴክኖሎጂውን ለሁሉም በነፃ ለቀቀው። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሣው ገጽ ከማንበብ አልፎ በገጹ ላይ ሥራ መሥራትን፣ ማለትም ዌብ አፕሊኬሽንን፣ ማን ጀመረው ሲባል ነው።

ፕሮግራመሩ ፖል ግራሃም እስከሚያውቀው ድረስ ቀዳሚዎቹ እሱና ጓደኛው ሮበርት ሞሪስ ናቸው። ሞሪስ ደግሞ በዋዛ የሚታለፍ ሰው አይደለም። በ1988 የለቀቀው «ትል» የተባለ ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን አሽመድምዶ ፍርድ ቤት አቁሞታል። ከእስር ተርፎ በሦስት ዓመት ገደብ፣ በ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና በ10,050 ዶላር መቀጮ ተለቀቀ። ኋላ ኤምአይቲ ፕሮፌሰር አደረገው፤ አሜሪካ እንዲህ ናት።

በ1995 ሁለቱ የኢንተርኔት ሱቅ መክፈቻ ሶፍትዌር ሊሠሩ ተነሡ። ለዊንዶውስ መጻፍ ግን አንገሸገሻቸው። ግራሃም ሲተርክ፣ ሞሪስ ቤት ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ሳለ አንድ ሐሳብ ብድግ አደረገው። ፕሮግራሙ በእነሱው ሰርቨር ላይ ቢሠራስ? ደንበኛው ኮምፒዩተሩ ላይ ምንም ሳይጭን፣ በብሮውዘሩ ሊንክ እየነካ ያዝዘዋል። ቪያዌብ ያሉት ድርጅታቸው በ1998 ለያሁ በ49 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ።

ይሁንና በ1993 በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል በፓርክ ይሠራ የነበረው ስቲቭ ፑትዝ የዓለም ካርታ በዌብ አቅርቦ ነበር። ተጠቃሚው አንድ ስፍራ ሲነካ ጥያቄው ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፤ ፕሮግራሙ ያንን ስፍራ አጉልቶ ይሥላል፤ አዲስ ገጽ ይመለሳል። የዛሬውም አሠራር መሠረቱ ይኸው ነው። ከዚያም በፊት የሰርን ሠራተኞች የስልክ ማውጫቸውን በዌብ ይፈልጉ ነበር። በዕድሜ ከሆነ ግራሃም ተረትቷል። ግን ካርታው ሥሎ የሚረሳ ነበር፤ ቪያዌብ ላይ ነጋዴው የደረደረው ሸቀጥ በማግሥቱም እንደተደረደረ ይገኛል። ሥራ የሚባለው ይሄ ነው።

መርሳቱ ከዌብ ባሕርይ የመጣ ነው፤ ሰርቨር እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላል። ለዚህ የብሮውዘር ሠሪው የኔትስኬፕ ባልደረባ ሉ ሞንቱሊ በ1994 ኩኪን ፈጠረ። ሰርቨሩ ለብሮውዘሩ ትንሽ መለያ ይሰጠዋል፤ ብሮውዘሩም በየጥያቄው መልሶ ያሳያል።

ጂሜይል ዛሬም ማን እንደሆናችሁ የሚያውቀው በኩኪ ነው። ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ኢሜይል ካያችሁ ገጹን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ኩኪው እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ሊቀር ይችላልና ሎግ አውት ሳታደርጉ አትነሡ።